ያጠፋሻት መስመር

እህቴ፣ ለሥራ ስትፈተኚ በፋይል ላይ የተዘረዘሩ የፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ስሞች ተሰጥተውሽ «በተራ እየጠራሽ አሠሪያቸው» ተብለሻል። በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ስሞቹን እንዳሉ ልትጠሪ ብትሞክሪ ቋንቋው እምቢ አለ፤ «ዩዝ ስትሪክት» የምትለዋን መስመር ስታጠፊ ሁሉም ሠራ። «ታዲያ ለምን ወደቅኩ?» ትያለሽ።

የወደቅሽው በዚያችው መስመር ነው። ዘበኛ ናት፤ ተራ ጽሑፍ ፈንክሽን መስሎ እንዳያልፍ ትከለክላለች። እሷን ካባረርሽ በፋይሉ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ስም በፕሮግራሙ ውስጥ ያለን ማንኛውንም ፈንክሽን ያዝዛል። እኔ ሥራ የጀመርኩበት መሥሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት የሚሠራ እንዲህ ያለ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ነበረው። አንድ ሰው «አጽዳ»ን ከ«ቅዳ» በላይ ጻፈው። ጠዋት ስንገባ የሚቀዳ ፋይል አልነበረም።

መፍትሔው ፐርል 5 ከወጣበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሃሽ፣ ማለትም ጥንድ ጥንድ የሚያስቀምጥ መዝገብ፣ ሥሪ፤ በግራ ስሙ፣ በቀኝ ወደ ፈንክሽኑ የሚያመለክት ሪፈረንስ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ከመጥራትሽ በፊት የዝርዝሩ ስሞች በሙሉ በሃሹ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጪ፤ አንዱ እንኳን ከጎደለ ስህተቱን መዝግበሽ አቁሚ። ግማሽ የሠራ ስክሪፕት ጭራሽ ካልሠራው ይከፋል። «አጽዳ» በሃሹ ውስጥ ከሌለ ማንም በፋይሉ ላይ ቢጽፈው አይሠራም። (ከፋይል ያነበብሽውን ስም «ቾምፕ» በሚባለው የፐርል ትእዛዝ ማጥራት አትርሺ። ከስሙ መጨረሻ የምትንጠለጠለው የማትታይ አዲስ መስመር ምልክት እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጅታብኛለች።)

ወደ ፓይተን ቋንቋ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ እዚያ ሃሹ ዲክሽነሪ ይባላል እንጂ ዘዴው ያው ነው። ለሰርተፍኬት ደግሞ አትበደሪ፤ ፐርል በነጻ ይገኛል።

አባትሽ «ባንክ ግቢ፤ የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ ማን ይከፍላል?» ብለዋል። ይህን ክፍያ ብቻሽን የምትሸከሚው ዕዳ ያደረገው ማን ነው? በአክብሮት፣ ግን በቁጥር አነጋግሪያቸው፦ ከደመወዜ ይህን ያህል፣ ለዚህን ያህል ወር።

አሮጌ ስክሪፕቶቹን የሚጠግንለት ሰው የሚፈልገው ትንሹ ድርጅት ከባንኩ ያነሰ ይከፍላል። ቢሆንም ግቢበት። የጻፈው ሰው ከለቀቀ የቆየ ኮድ ማንበብ በየትኛውም ክፍል ውስጥ አልተማርሽም፤ እዚያ ግን ሌላ ሥራ የለሽም።

ከዚያ በፊት ያንን ፈተና ዛሬ ማታ እንደገና ሥሪው፤ መስመሯን መልሰሽ።