«እኛ ወላጅ አንጥልም»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ከዚህ በላይ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልዎ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። እንግሊዞችን ለማመስገን አልሰስትም፤ ወረፋ ያከብራሉ፣ እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃሉ። በወላጅ ነገር ግን አንጀቴን አሳርረውታል። አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ብቻዋን መስኮት ስታይ ትውላለች። አራቱ ለገና ካርድ ይልካሉ። አንዱ በየእሁዱ ይመጣና ጥፍሯን ይቆርጥላታል፣ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ አብሯት ይሞላል፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። ይህም ልጅ ተብሎ! እኛ ሰፈር ቢሆን ዕድርተኛው ምን ይል ነበር? ለሥራ ባልደረቦቼ «እኛ ወላጅ አንጥልም» ስላቸው «ደስ ሲል» ይሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ ይመልሱታል።

የእኔ እናት አዲስ አበባ በገዛ ቤቷ ናት። ሠራተኛ ቀጥሬላታለሁ፣ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፣ እሁድ እሁድ እደውላለሁ። አሁን አሁን ትንሽ መርሳት ጀምራለች፤ ባለፈው ስደውል «ማን ልበል?» ብላኝ ሳቅን። ካናዳ ያለው ወንድሜ ወደ አንቺ ውሰጃት ይለኛል። ላምጣት ወይስ እዚያው ትቆይ?

የወላጅ ነገር ያንገበገባት፣ ከሊድስ

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ የወደድኩት ያንን የእሁዱን ሰውዬ ነው። የእናቱን ጥፍር በገዛ እጁ ይቆርጣል። የአንቺን እናት ጥፍር የሚቆርጠው ማን ነው? ያቺ ስሟን እንኳ ያልጻፍሽልኝ ሠራተኛ ናት። እሱም እሁድ፣ አንቺም እሁድ፤ እሱ ግን በእግሩ ይመጣል።

እንግሊዞቹን ነጻ ላወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር የሾመ አገር ገመናውን ራሱ ያውቀዋል። «ጣሉ» ብሎ መፍረድ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሕክምናው ነጻ ቢሆንም መጦሪያው ነጻ አይደለም፤ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው ወጪውን ራሱ ይችላል፣ ብቻውን ይኖር ከነበረም ብዙውን ጊዜ ቤቱ ይቆጠርበታል። ልጅ ሥራውን ትቶ ያስታምም እንዳይባል፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሕጉ ለአስታማሚ የሰጠው መብት በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

ላምጣት ያልሽውም የሚቀል እንዳይመስልሽ። ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ ወላጅን ወደ ብሪታንያ ለማስመጣት፣ የዕለት ኑሮዋን ያለ ሰው እገዛ መምራት እንደማትችል፣ የሚያስፈልጋትም እንክብካቤ በአገሯ በገንዘብ እንኳ እንደማይገኝ ማስረዳት ግድ ነው። አንቺ ደግሞ ሠራተኛ ቀጥረሽ በየወሩ ትከፍያለሽ። ለእናትሽ ያደረግሽው መልካም ነገር ራሱ ማመልከቻሽን ሊጥልብሽ ይችላል። ለነገሩ ቪዛው ቢገኝስ? አንቺ የሰው እናት ልታጥቢ ስትወጪ የራስሽ እናት ቋንቋውን በማታውቀው አገር መስኮት ስታይ ልትውል ነው።

«ማን ልበል?» ብላ ልጇን መጠየቋ ደግሞ አያስቅም። እንደደነገጥሽ ገብቶኛል፤ በእንግሊዞቹ ላይ ይህን ሁሉ ቁጣ ያወረድሽውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ አታምጫት፣ ሂጂ። ያለሽን ፈቃድ ሁሉ አጠራቅመሽ፣ ካልበቃ ያለ ደመወዝ ጠይቀሽ፣ ሄደሽ አብረሻት ቆዪ። የነርቭ ሐኪም ዘንድ በራስሽ እጅ ይዘሻት ግቢ፤ መርሳት ሁሉ የእርጅና አይደለም፣ የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚያመጡትም አለ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። እስከዚያው በሚቀጥለው እሁድ ስትደውዪ መጀመሪያ ከልጅቷ ጋር ተነጋገሪ። ሌሊት ትነሳለች ወይ? ምድጃ ሳታጠፋ ታውቃለች ወይ? የሚያውቀው እሷ ናት። ደመወዟንም ጨምሪላት፤ ግማሹን ያ ከካናዳ ምክር የሚልክ ወንድምሽ ይክፈል።