ቀለሙን ለጊዜው ተዪው

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ጀማሪን ሁሉ የሚገጥም ነው። የእንግሊዝ ገጠር መንደር ሥዕል በዘይት ቀለም እየገለበጥሽ ዛፉም ሣሩም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆነብሽ፣ የኋላው ኮረብታ ደግሞ ቤቶቹ ላይ ወጥቶ ጉብ አለ። «ለመሆኑ መገልበጥ ያስተምራል ወይ?» ብለሻል።

ያስተምራል። እኔ ደሴ የሠፈር ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ፣ ሁሉንም በመገልበጥ ነው የማስጀምረው። ግን መጀመሪያ የሚገለበጠው ጨለማና ብርሃኑ ነው። ሥዕሉን ስልክሽ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጊው፤ ዛፉ ከሣሩ ምን ያህል እንደሚጠቁር ያኔ ይታይሻል። ከዚያ አንድ ቡናማ ብቻ፣ በርንት አምበር ካለሽ እሱን፣ በአኳራጅ አቅጥነሽ ሙሉውን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ጨርሺው። ልጆቹ የሚሰለቹት እዚህ ጋ ነው፤ እናቶችም መጥተው «ይሄ ደግሞ ምኑ ሥዕል ነው?» ይሉኛል። ይህቺን የዘለለ ልጅ ግን በኋላ ቀለም ሲደርብ ሲደርብ ጭቃ ያደርገዋል።

ታዋቂው የሆላንድ ሠዓሊ ቫን ጎ እንኳን በፈረንጆቹ 1889 ፈረንሳይ አገር ሳን ሬሚ ታሞ በተኛበት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን የገበሬ ሥዕሎች ከጥቁርና ነጭ ህትመት ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ቀለሙን ከራሱ ነበር የሚጨምረው። ያኔ ጀማሪም አልነበረም።

ወደ አረንጓዴው ስትመጪ ከቱቦ የወጣውን እንዳለ አትቀቢ። አልትራማሪን ሰማያዊ ከኦከር ቢጫ ጋር የጠወለገ ሣር ይሰጥሻል፣ ከሎሚ ቢጫ ጋር ለምለሙን፤ በጣም ከደመቀብሽ ቀይ ቢጤ ጣል አድርጊበት፣ ይሰክናል። ኮረብታው ወደ ፊት የመጣው ከፊተኛው ዛፍ እኩል ስላጠቆርሽው ነው። የራቀ ነገር በመሃል ባለው አየር የተነሳ ይነጣል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ኮምቦልቻ ነኝ ስላልሽ ሩቅ አትሄጂም፤ ወደ ደሴ ስትወጪ ሐረጎ ላይ ውረጂና ቁልቁል ተመልከቺ። አጠገብሽ ያለው ባህር ዛፍ ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ማዶ ያለው ተራራ ግን ከሰማዩ ለመለየት ዓይንሽን ማጥበብ አለብሽ። የእንግሊዙ ሠዓሊም ያየው ይህንኑ ነው፣ ብርሃኑ ከእኛ ይለያል እንጂ።

ዘይቱን በተመለከተ የሥዕል ተልባ ዘይት ብቻ ተጠቀሚ። አንዷ የፓልም ዘይት ይሆናል ወይ ብላ ነበር፤ አይሆንም፣ እሱ መቼም አይደርቅም። የመጀመሪያው ድርብ ቀጭን፣ ላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ቅደም ተከተሉን ካቀያየርሽው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የእናንተ አገር ቆላ ቢጤ ስለሆነ ከእኛ ቶሎ ይደርቅልሻል፣ ደሴ ክረምት ላይ ነው መከራው። ደግሞ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ አትወርውሪ፣ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ስትጨርሺ ከማን ሥራ እንደገለበጥሽ ከጀርባው ጻፊበት። ለአሁኑ ግን ቡናማው ብቻ እንዳለ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ቀለም ከመጀመርሽ በፊት አብረን እንየው።