ያለ ሰርተፊኬት የሚበር ቀላል አውሮፕላን ለምታስቡ የጣና ዳር ልጆች

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሰሞኑን ከባህር ዳር ፖሊቴክኒክም ከከተማውም የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፤ አንዱ ፕላን ከኢንተርኔት አውርዶ አልትራላይት የሚባለውን በጣም ቀላል አውሮፕላን እየሠራ ነው፣ አንዱ ጋይሮኮፕተር፣ ማለትም ከላዩ በነፋስ ኃይል የሚዞር ክንፍ ያለው ትንሽ በራሪ፣ ከውጭ አስመጥቶ ቱሪስት ጣና ላይ ሊያዞር ያስባል፣ አንዷ ደግሞ ፓራሞተር፣ ማለትም ሞተሩ ጀርባ ላይ የሚታዘል ፓራሹት መሰል በራሪ፣ ገዝታ ጢስ አባይን ከላይ እየቀረጸች ቪዲዮ ልትሸጥ ትፈልጋለች። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ሐሳባችሁን ላጣጥል አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ነው የሚለኝ፣ ግን አንድ ነገር ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ራስህ ሠርተህ ራስህ ብቻ የምትበርበትና ሰው ከፍሎህ የምታሳፍርበት፣ ሞተሩም ክንፉም ያው ቢሆን እንኳ፣ ጨርሶ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሴስናን የመሰለ ሰርቲፋይድ አውሮፕላን ከመሸጡ በፊት ዲዛይኑ ተፈትኗል፣ ክንፉ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ታይቷል፣ ብሎኑ ሳይቀር ከየት እንደመጣ ተመዝግቧል፣ ከዛ በኋላ ነው የአገሩ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ታይፕ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የዲዛይኑ ማረጋገጫ ወረቀት፣ የሚሰጠው። ተሳፋሪው ስለ ክንፍ ምንም ሳያውቅ ዝም ብሎ የሚገባው ሌላ ሰው ስላየለት ነው። ሰርተፊኬት የሌለው ላይ ግን ያ ሌላ ሰው የለም፣ ወይ ፋብሪካው ራሱ "አሟልቻለሁ" ብሎ የፈረመበት ነው ወይ ደግሞ እቤቱ የሠራው ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይሄ ማለት ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሮታክስ 912 የሚባለውን የቀላል አውሮፕላን ሞተር ውሰዱ፣ 912 ዩኤልኤስ እና 912 ኤስ ሁለቱም 100 የፈረስ ጉልበት ናቸው፣ ጎን ለጎን ቢቀመጡላችሁ በዓይን አትለዩአቸውም፣ ግን አንዱ ሰርተፊኬት አለው አንዱ የለውም። "እና ልዩነቱ ወረቀት ብቻ ነዋ" ትሉኛላችሁ፣ በአብዛኛው አዎ፣ ግን ዕቃው በማን እጅ እንዳለፈ፣ ማን እንደፈተሸው፣ ጉድለት ቢገኝ የትኛው ተከታታይ ቁጥር ያለው ዕቃ እንደሚመለስ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ከናንተው አንዱ የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ ወስዶኝ ፍሬሙን አሳየኝ። የእጅ ሥራው ያምራል፣ ልኩን ጠብቋል፣ ኬብሎቹ ተስተካክለው ተወጥረዋል። ግን ቱቦው ለመስኮትና ለበር ከሚሸጠው አሉሚኒየም ነው የተቆረጠው፣ ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚይዙት ብሎኖች ደግሞ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዙ ናቸው፣ አንዱን ፈትቼ ጭንቅላቱን ሳየው ባዶ ነው፣ ምንም ምልክት የለበትም። የአቪዬሽን ብረት ብሎን ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ምልክት አለው፣ በዛ ነው የምናውቀው። "ጋሼ ጠንካራ ነው እኮ፣ ሁለት ሆነን ቆመንበታል" አለኝ። የኔ ልጅ፣ ብረት ቆመህበት አይደለም የሚሰበረው፣ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ እየዞረ ሲያንቀጠቅጠው ነው፣ ስንጥቁ ብሎኑ ከሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ በዓይን በማይታይ መጠን ይጀምርና አንድ ቀን ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። ብዙ የውጭ አልትራላይቶች የሚሠሩበት 6061-ቲ6 የሚባለው አሉሚኒየም ነው፣ የመስኮቱ ፕሮፋይል ሌላ ቅይጥ ነው፣ የሚሸከመውም ያነሰ ነው። ልጁ ሰምቶኝ ፈታው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ተስፋ ይሰጣል።

አሁን ወደ ባህር ዳር አየር እንምጣ፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ የምታዩት አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ የሚበረው ከባህር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ነው። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ 28 ሲሆን አየሩ ይሳሳና ክንፉና ሞተሩ 2,700 ሜትር ላይ ያሉ ነው የሚመስላቸው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዛ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ 100 ብላችሁ የገዛችሁት 75 ሆነ ማለት ነው፣ ፕሮፔለሩም ያው የሚገፋው ሳሳ ያለ አየር ነው፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩ "በ100 ሜትር ይነሳል" ሲላችሁ ይሄን እያሰባችሁ ስሙት፣ በተለይ ሁለት ሰው ተጭኖ ነዳጁ ሙሉ ሲሆን ሜዳው አልቆ ዛፍ ሊመጣ ይችላል። ሮታክስ 914 ቱርቦ ስላለው ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። በጠዋት ብረሩ የምላችሁም ለዚህ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሐይቁም ጸጥ ያለ ነው።

ወፍ ደግሞ አለ። ባህር ዳር ላይ ይሄን ማንም ሊያስረዳን አይገባም፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ከዚሁ ከኛ ማረፊያ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ ከ104 ሰው 35ቱ አልቀዋል። ያ ትልቅ ጄት ነው፣ ልምድ ያለው ፓይለት ይዞት ነው። እናንተ ፊታችሁ ላይ መስታወት እንኳ በሌለው ነገር ፔሊካን የሚባለው ግዙፍ የውሃ ወፍ በሚያንዣብብበት ውሃ ዳር ልትበሩ ነው የምታስቡት፣ ፔሊካን ደግሞ እንደምታውቁት ርግብ አይደለም።

ውሃው ራሱስ? ባጃጅ ሞተሩ ሲጠፋ ዳር ይይዛል፣ ሰማይ ላይ ግን ዳር የለም፣ ያላችሁ ከፍታችሁ ብቻ ነው። ጥሩ ቀላል አውሮፕላን ሞተሩ ጠፍቶ 1 ሜትር ሲወርድ 8 ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል እንበል፣ ስለዚህ 300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ቢጠፋባችሁ 2 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው የቀራችሁ፣ ጋይሮኮፕተር ከሆነ ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሹ ነው። ሮታክስ ራሱ የባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተሮቹ ማኑዋል ላይ ይሄ ሞተር በድንገት ሊቆም ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፎታል፣ ፋብሪካው የጻፈውን ነው የምነግራችሁ። ስለዚህ ወደ ዘጌ ስትሄዱ ዳሩን ይዛችሁ፣ ሁልጊዜ ማረፊያ መሬት በሚደረስበት ርቀት፣ መሀል ጣና ግን በአንድ ሞተር አትግቡ። ጎማ ያለው አውሮፕላን ውሃ ላይ ሲያርፍ ሊገለበጥ ይችላል፣ ታጥቃችሁ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቃችሁ ቀበቶ መፍታት ምን እንደሆነ አስቡት፣ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት።

እንግዲህ ሕጉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ፓርት 103 የሚባል ደንብ አላቸው፣ አንድ መቀመጫ ብቻ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ በታች፣ ነዳጁ ከ19 ሊትር የማይበልጥ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ102 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ከሆነ የፓይለት ላይሰንስ እንኳ አይጠይቁም። ግን በቀን ብቻ፣ ሰው ከሚበዛበት ቦታ በላይ ሳይሆን፣ ደግሞም ለመዝናኛ ብቻ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ብትሞት ራስህ ነህ፣ ሌላ ሰው ይዘህ አትሂድ። ከዛ ምን ሆነ፣ ለማስተማሪያ ተብሎ ሁለት መቀመጫ ያለው በልዩ ፈቃድ ተፈቀደ፣ ሰዉ ደግሞ በዛች ቀዳዳ "ትምህርት ነው" እያለ ወዳጅ ዘመድ ማሳፈር ጀመረ፣ አውሮፕላኑም እየከበደ ሄደ። መጨረሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ላይት ስፖርት የሚባል ሌላ ምድብ አወጡና እስከ 600 ኪሎ ያለውን በሥርዓት አስገቡት፣ ፋብሪካው ስታንዳርዱን አሟልቻለሁ ብሎ የሠራው ከሆነ ማስተማርና ማከራየት ተፈቀደ፣ ከፋይ ተሳፋሪ ማመላለስ ግን አልተፈቀደም። እቤት የተሠራው ደግሞ ሌላ ነው፣ ከግማሽ በላዩን ባለቤቱ ራሱ ለመማር ወይም ለመዝናናት መሥራት አለበት፣ ውስጡም ተሳፋሪው እያየ የሚገባበት ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ታይፕ ሰርተፊኬት የሌላቸውን በአንድ ክፍል፣ እነሱን ለንግድ መጠቀምን በሌላ ክፍል ለይታ ደንግጋለች። ብዙ አገር ብትሄዱ መስመሩ የሚሰመረው ገንዘብ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ጋይሮኮፕተር ልታመጣ ያሰብከው ልጅ፣ ቱሪስቱን መጀመሪያ ላይ አታስበው። የጀርመን አሮጊት ዘጌን ከላይ ልታይ ብላ ስትከፍልህ አንተን አይደለም የምታምነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ይሄን ነገር አይቶታል ብላ ነው። ያ መሥሪያ ቤት ከሌለ የሸጥክላት የሌለ ነገር ነው። ኢንሹራንስም እንዲህ ያለውን በቀላሉ አይሸፍንልህም፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ያንተ ድርጅት ብቻ ሳይሆን የጣና ቱሪዝም በሙሉ ነው የሚጎዳው፣ የጀልባው ልጅ፣ የሆቴሉ፣ የገዳሙ አስጎብኚ። እና ደግሞ በዚህ ጊዜ ሰማይ ላይ ያልታወቀ ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ ምን እንደሚሰማው ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ ያለ ፈቃድ የተነሳ ነገር እናት ልጇን ይዛ እንድትሮጥ ያደርጋል፣ ለራሳችሁም ሕይወት ያሰጋል። እቃ ከማዘዛችሁ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በቃል የተባለ ነገር ጉምሩክ ላይ አይሠራም።

ሥራ የለውም እያልኩ አይደለም። እምቦጩን አስቡት፣ ሰሜንና ምሥራቁን ዳር፣ ፎገራን ደንቢያን ይዞ ገበሬውንም ዓሣ አስጋሪውንም አስጨንቋል፣ የት ድረስ እንደተስፋፋ ከላይ ማየት ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ፓይለት ብቻውን ካሜራ ይዞ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ከፋይ ተሳፋሪ የለበትም። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ቦታ ድሮን በርካሽ ይሠራዋል፣ እሱም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቪዲዮ ልትሸጥ ያሰብሽውም ልጄ መጀመሪያ እዚህ ላይ አስቢ። ማስተማርም ሌላ መንገድ ነው፣ ክለብ አቋቁሞ አባላቱ አውቀውና ፈርመው የሚማሩበት።

መሥራቱንስ ማን ይከለክላችኋል፣ አዲስ አበባ ላይ በ1928 "ፀሐይ" የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ ተሠርታ በራለች፣ ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ነው የተመለሰችልን። ከናንተ መሀል ነገ ባለሥልጣኑ ውስጥ ኢንስፔክተር የምትሆኑም አላችሁ፣ ለእነሱ የምለው ዝም ብሎ "አይቻልም" ማለት ልጆቹን አያቆማቸውም፣ ተደብቀው እንዲበሩ ነው የሚያደርጋቸው። ትንሽ በር ክፈቱላቸው፤ አንድ መቀመጫ፣ የተወሰነ ክብደት፣ ከከተማና ከገዳም ርቆ የተከለለ ሜዳ፣ የጠዋት ሰዓት፣ የግንባታ መዝገብ የሚያይ አንድ ቴክኒሻን።

ለምትሠሩት ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሎግ ቡክ፣ ማለትም የሥራ መዝገብ ደብተር፣ ክፈቱ። እያንዳንዱ ቱቦ ከየት ተገዛ፣ ደረሰኙ የት አለ፣ ማን በየትኛው ቀን አጠበቀው፣ ፎቶ ጭምር። ቤንዚን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ከሆነ በጠራ ጠርሙስ ቅዱና ውሃ ከሥሩ መኖሩን እዩ፣ ያንንም ጻፉት። ማመልከቻ ይዛችሁ ስትሄዱ ከደብዳቤው ጋር ያንን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ኢንስፔክተሩ እንደኔ በጥገና ውስጥ ያለፈ ሰው ከሆነ ከደብዳቤው በፊት እሱን ነው የሚገልጠው።