ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ ከጣና ዳር

ውድ ወጣቶች፣

የምረቃ ሥራችሁን እንድገመግም ስጠራ ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ እመጣለሁ። ባሕር ዳር ላይ የሚቀርበው ንድፍ አብዛኛው ጣናን የሚመለከት ነው፤ መሆንም አለበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከተፈጥሮ የተቀዳ፣ ለማኅበረሰቡ የታሰበ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ሐሳቡ እውነተኛ ነው፤ እኔም በዚህ ሙያ ያረጀሁት እሱን ይዤ ነው። ቅር የሚለኝ ሁለቱን ለየብቻ ስታቀርቧቸው ነው። ተፈጥሮው በሕንፃው ቅርጽ ይመጣል፤ ማኅበረሰቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ በመጨረሻው ሥዕል ላይ በሚደረድራቸው የሰው ምስሎች። የዚህን ሐይቅ ጠባይ የሚያውቀው ግን ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። እሱን ሳይጠይቁ ከጣና መማር አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

ታንኳን እንውሰድ። ጫፎቹ ወደ ላይ የተቀለበሱ፣ ታንኳ የሚመስል ጣሪያ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ያምራል። ጥያቄዬ ግን አንድ ነው፤ ታንኳ ሲታሰር ቁጭ ብላችሁ አይታችኋል? ደንገሉ ከውሃው ዳር ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ግንዱ ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ነዶው እየተደራረበ ይታሰርና ሐይቁ ውስጥ እስከገባው የዘጌ ልሳነ ምድር ድረስ ሄዶ እንጨት ጭኖ ይመለሳል። ሲውል ሲያድር ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከውሃው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ዕድሜው አጭር ነው። ሲያረጅ ዳር ላይ በስብሶ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል፤ በምትኩ አዲስ ይታሰራል። ቁሳቁሱ ከእጅ ርቀት ነው የተገኘው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊጠግነው ይችላል፤ ሲያልቅም ቆሻሻ አይተውም። ኮንክሪት አጥፎ የታንኳን መልክ የሰጠ ጣሪያ ከእነዚህ አንዱንም አልወሰደም። ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ያቆዩት በአብዛኛው የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ከታንኳ ተማርኩ የሚል ንድፍ እነሱን ሊጠቅስና ሊያመሰግን ይገባዋል።

የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ስትጎበኙም ክብ ፕላናቸውን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ሴክሽኑን፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን ሥዕል፣ ሣሉት። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብትወስዱ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ይሄዳል። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ዝናቡን ከግድግዳው አልፎ የወጣው ሰፊ ጣሪያ ያስቀረዋል፤ ፀሐዩን የውጭው ዙሪያ ይሰብረዋል፤ ሥዕሉ ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን ጉልበቱ ያለቀ ብርሃን ነው። ሙዚየም የምትነድፉ ልጆች ከዚህ የተሻለ መምህር የት ታገኛላችሁ? ዙሪያውን ያለውን ደንም እዩት። በዘጌ ልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ሰዉ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዞ ኖረ፤ ደኑም ተረፈ። ያ ደን የእምነትና የኑሮ ሥርዓት ውጤት ነው። «የተፈጥሮ ደን» ብላችሁ በአረንጓዴ ቀለም ስታልፉት ግማሹን ታሪክ ትታችኋል።

ከሩቅ የሚመጣውን ምሳሌም መርምሩ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀውን፣ ሚክ ፒርስ የነደፈውን ኢስትጌት የተባለ ሕንፃ ሁላችሁም ትጠቅሱታላችሁ፤ ከምስጥ ኩይሳ ተምሮ ያለ ተራ ማቀዝቀዣ የሚኖር ሕንፃ ነው። ኩይሳውን በኋላ ያጠኑ ሰዎች አየሩ የሚንቀሳቀሰው ያን ጊዜ ይታሰብ በነበረው መንገድ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሕንፃው ግን ይሠራል። የሚሠራው ወፍራም ግድግዳና ወለሉ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ስለሚያድር፣ የሐራሬም ሌሊት በእርግጥ ስለሚቀዘቅዝ ነው። የእኛም ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከተማ ላይ ሙሉ ፊቱን በመስታወት ለብሶ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ የሚያስጮህ ሕንፃ ሳይ ያናድደኛል። በነፃ የተሰጠንን ሌሊት አንፈልግም እንደማለት ነው።

ስለ ፀሐይና ነፋስ ትንሽ ልዘርዝር፤ መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ለሌላ ሰማይ ነውና። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነን። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚለውን የአውሮፓ ሕግ እዚህ አትድገሙት፤ በዚያም በኩል ጥላ ስጡ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ ትሆናለች፤ በቀትር ወደ 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለምትቆም መጠነኛ የጣሪያ ጥላ ይመልሳታል። አስቸጋሪዎቹ የጠዋቱ ምሥራቅና የከሰዓቱ ምዕራብ ናቸው። ሐይቁ ከከተማዋ በስተሰሜን መሆኑ መታደል ነው፤ ረጅሙን ፊት ወደ ሰሜን ስታዞሩ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፀሐይም ትሸሻላችሁ፣ ቀን ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስም ትቀበላላችሁ። ሌሊት ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃው ይዞራል። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ 100 ሊትር ውሃ ነው። ያ ውሃ በየትኛው አሸንዳ ወርዶ የት እንደሚጠራቀም ያልተሣለበት ንድፍ ገና አላለቀም።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ። ካየኋቸው የተማሪ ሥራዎች እስከ ዛሬ የማልረሳው የዓሣ ማራገፊያና መሸጫ ነበር። የነደፈችው ልጅ በመጀመሪያ ያዘጋጀችው ሥዕል የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ጣሪያ ነበረው፤ መበለቻ ጠረጴዛዎቹን ሐይቁን ፊት ለፊት እንዲያዩ ደርድራቸዋለች፤ ገዢው ከኋላ ይመጣል። ሥዕሉን ይዛ ጀልባዎቹ ወደሚያራግፉበት ቦታ ወረደች። ቆሮሶና አምባዛ የተባሉትን ዓሦች የሚበልቱት ሰዎች መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀስ በቀስ ግን ተናገሩ። ቀን ነፋሱ ከውሃው ስለሚመጣ ሽታው በቀጥታ ገዢው ፊት ላይ ይወርዳል፤ መበለቻው ወደ ጎን ይውጣ አሉ። እርጥብ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብ ይቆርጣል፤ ጠረጴዛው ከፍ ይበል፣ ቁመታችንም አንድ አይደለምና ሁለት ዓይነት አድርጊው አሉ። ተረፈ ሥጋው ጠረጴዛው ሥር ከተጣለ ፔሊካኖቹ እግር ሥር ይገባሉ፤ ራቅ ብሎ ይከማች። ገዢው በደረቅ ጫማ ገብቶ በደረቅ ጫማ ይውጣ። ቢላ የሚታጠብበት ውሃ ዓሣው ከሚታጠብበት ይለይ። ጥላው ከሁሉ በላይ ለጠዋቱ ፀሐይ ይሁን፤ ጀልባው የሚመጣው ያኔ ነውና።

ልጅቱ ሜትሯን አውጥታ የእያንዳንዱን ሰው የክርን ከፍታ ለካች። ከዚያ በኋላ የቀረበው ንድፍ የዓሣ ቅርፊት አልነበረውም። ቀጭን፣ ወደ ጎን የተሳበ፣ ወለሉ ወደ አንድ ቦይ የሚያዘነብል ቀላል ዳስ ነበር። ነፋሱም፣ ፀሐዩም፣ ወፎቹም ገብተውበታል፤ ያስገቡላት ግን ሰዎቹ ናቸው። አንድ ገምጋሚ «ቅርጹ ደካማ ነው» ብሎ ነጥብ ሲቀንስባት አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም።

ተማሪ ስለሆንን ምን አቅም አለን የምትሉ ካላችሁ አርክቴክቱን ፍራንሲስ ኬሬን አስታውሱ። በቡርኪናፋሶ በተወለደባት በጋንዶ መንደር የሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጠናቀቅ እሱ በርሊን ውስጥ ገና ተማሪ ነበር። የአካባቢውን ሸክላ አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ያዋሐደውን ጡብ የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው በመሐል ነፋስ ገብቶ ሙቀቱን እንዲወስድ ነው፤ የተሸከመውም እዚያው መበየድ የሚቻል ተራ ፌሮ ነው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በሥነ ሕንፃ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እኛ ደቦ ያለን፣ ጭቃ በጭድ አቡክተን ማገር ላይ የምንመርግ ሕዝብ ነን። የጭቃ ቤት ሲመረግ አንድ ቀን እጃችሁን አስገብታችሁ ብትሠሩ፣ ስለ ቁሳቁስ ከአንድ መንፈቅ ትምህርት ያላነሰ ታገኛላችሁ።

ስለ ዳርቻው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጎድጎድ ባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ትንሽ ከፍ ሲል ሜዳው ላይ ርቆ ይሄዳል፤ በሐይቁ ዳር ያሉት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች ይህን ያውቁታል። የሚሞላው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሚጎድለው በግንቦትና በሰኔ። ሴክሽናችሁ ላይ ሁለቱንም የውሃ ልክ አስምሩ። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት የደንገሉ ነው፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ከማሳ የሚመጣው ደለል የሚጣራበት ነው። እዚያ ላይ ካፌ አትሣሉ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ብቻውን ግን ዳርቻውን አይጠብቅም። ሰው ወደ ውሃው የሚወርድበትንም መንገድ አትዝጉ። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ልብስ የሚያጥብ ልጅ፣ ጥምቀት የሚያከብር ምእመን በእናንተ አጥር ምክንያት ሊዞር አይገባም።

እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ወደ ግድግዳ ሰሌዳ እንለውጠው የሚል ሐሳብም በየጊዜው ይቀርብልኛል። ቅንነቱን አደንቃለሁ። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያላሰበበት ሰው የለም። ነገር ግን ከቁራጭ ግንዱ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ከውሃው ወጥቶ የሚጓጓዝበትንና የሚደርቅበትን ቦታ ከሰሌዳው በፊት ንደፉ። ደግሞም እንዲጠፋ በምንጸልይበት አረም ላይ የቆመ ፋብሪካ አረሙ ሲጠፋ ምን ሊሠራ እንደሆነ ንገሩን።

ግምገማው ካለቀ በኋላ ንድፉን መልሳችሁ ለጠየቃችኋቸው ሰዎች ውሰዱላቸው። ፕላን ማንበብ ለብዙ ሰው ይቸግራል፤ ስለዚህ ጣሪያው የሚነሳ፣ ግድግዳው የሚፈታ የካርቶን ሞዴል ሥሩ። መሬት ላይ አስቀምጡትና እናንተ ዝም በሉ። በሩን ያዞሩታል፤ ጠረጴዛውን ይገፉታል፤ አንዱ ያነሳውን ሌላው ይመልሰዋል፤ ይከራከራሉም። የተስማሙበትን ፎቶ አንሡና በመጀመሪያው ሥዕላችሁ ጎን አድርጋችሁ ላኩልኝ። ሁለቱን አስተያይቼ መልስ እጽፍላችኋለሁ።