ጥያቄና መልስ፦ የቆየ ባንድ ድምፁን ሲቀይር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ከተማሪነቴ ጊዜ ጀምሮ የማደንቀው አንድ ባንድ አለ፤ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። በቅርቡ ወደ ከተማችን ሲመጣ የድሮ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በሚዘረዝር ማስታወቂያ ተጠራን። ገብተን ስናየው ግን ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የሉም፣ የድራሙ ምት ከኮምፒውተር ይወጣል፣ የምናውቀውም ዘፈን በማናውቀው ፍጥነት ይሮጣል። በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ዝግጅቱ ሳያልቅ ወጥተው ሄዱ፤ ወጣቶቹ ግን እስከ መጨረሻው ጨፈሩ። ታናሽ ወንድሜ «አንተ አርጅተህ ነው እንጂ ሙዚቃው ምንም አልሆነም» ይለኛል። ባንዱ እንዲህ የማድረግ መብት አለውን? የእኔስ ቅሬታ የዕድሜ ነገር ብቻ ነውን?
ነባር አድማጭ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መብቱን በተመለከተ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ዘፈኑን ያቀናበረውና በየመድረኩ ሲደጋግመው የኖረው ባንዱ ስለሆነ፣ አንድን ዜማ እስከ መቼ በአንድ መልክ መጫወት እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ የእርስዎ ቅሬታ ታናሽ ወንድምዎ እንዳሉት በዕድሜ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ የማስታወቂያው ጉዳይና የሙዚቃው ጉዳይ ተቀላቅለው ቀርበዋልና ለየብቻ ማየት ይሻላል።

የማስታወቂያው አጭር ነው። የድሮ ዘፈኖችን ዘርዝሮ ሰው የጠራ አዘጋጅ፣ የሚመጣለት ለእነዚያው ዘፈኖች የናፈቀ አድማጭ እንደሆነ ያውቃል። «በአዲስ ቅንብር» የሚል ቃል ቢጨመርበት ኖሮ ከተመልካቹ የተወሰነው ላይመጣ ይችል ነበር፣ የመጣው ግን ምን ሊሰማ እንደመጣ አውቆ በተቀመጠ ነበር። በእኔ አስተያየት የዚያ ምሽት ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው።

ሙዚቃው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይረቅቃል። በዘፈኖቻችን ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ችክችካ የሚባለው ምት ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ለሁለትም ለሦስትም ሊቆጠር የሚችል፣ የሚንከባለል ምት ማለት ነው። እስክስታ የሚወርደው ትከሻ የሚያርፈውና የሚነሣው በእነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች መካከል ነው። አቀናባሪው ዘፈኑን ዘመናዊ ለማድረግ ሲል ይህን ምት ወደ ቀጥተኛ አራት አራተኛ፣ ማለትም አራት እኩል ምት እየተቆጠረ ወደሚሄድ ስልት፣ ሲያስገባው፣ ግጥሙም ዜማውም ሳይነካ ሰውነት የሚይዘው ነገር ያጣል። ከዚህም ሌላ ድራም የሚመታ ሰው ዘፋኙ አንዱን ቃል ሲያስረዝም ይጠብቀዋል፣ ዘፋኙ ሲሞቀው አብሮት ይሞቃል፤ አስቀድሞ በኮምፒውተር የተሞላ ምት ግን ማንንም አይጠብቅም። ዘፋኙ ምቱን ላለመሳት ሲል የድምፁን ማዞሪያ ያሳጥራል፤ የቆየ አድማጭ «አንድ ነገር ጎድሏል» የሚለው ብዙ ጊዜ ስሙን ባያውቀውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ዳግመኛ ሲከራከሩዎ ዕድሜዎን ከመከላከል ይልቅ ምቱን ይጥቀሱላቸው።

እርስዎም በበኩልዎ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ትክክለኛው ድምፅ የሚሏቸው ሳክስፎንና ትራምፔት ራሳቸው በአንድ ወቅት እንግዳ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጡ፣ «አርባ ልጆች» በሚል ስም የታወቀውና በኬቮርክ ናልባንዲያን ይመራ የነበረው ይህ የነሐስ መሣሪያ ጓድ በማሲንቆ፣ በክራርና በዋሽንት ላደገው ሕዝብ የቀረበ ድምፅ አልነበረም። የትንፋሽ መሣሪያ የትዝታና የባቲ ዘፈን አጃቢ ሆኖ የተለመደው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች አልፎ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሀገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ማዋሐድ ሲጀምር ሁሉም ሰው በጭብጨባ አልተቀበለውም።

ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ከሁሉም የሚቀርበው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 በእናንተው ከተማ ሲሆን በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ አኮርዲዮን ለራሱ ተማረ፣ በኋላም በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችነቱ ታወቀ። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው አልበም ኦርጋኑ ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጋር እየተቀባበለ የሚሄድበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለዝግጅት አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ሲቀሩ ኃይሉም አብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው የሠራው ካሴት ከዋልያስ ድምፅ እጅግ የራቀ ነበር፤ የልጅነት አኮርዲዮኑን መልሶ አንሥቶ፣ ማጀቢያውን በድራም ማሽንና በሲንተሳይዘር ሠራው። እርስዎ ያማረሩበት የማሽን ምት እዚያ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ማሽኑ ዝግ ብሎ ከኋላ ስለሚቀመጥ አኮርዲዮኑ እንደ ልቡ ለመዘግየትም ለመቅደምም ቦታ ያገኛል። በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረውን ኃይሉን ወደ ዓለም መድረክ የመለሰው ይኸው ካሴት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ ከእሱ በዕድሜ እጅግ የሚያንሱ አድማጮችን አገኘ። ካሴቱን ቢያዳምጡት ያስቀየመዎት ማሽኑ ራሱ ነው ወይስ የተሠራበት መንገድ የሚለውን በራስዎ ጆሮ ይፈርዳሉ።

ቁጣው የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ልጨምር። አሜሪካዊው ድምፃዊ ቦብ ዲላን በጊታርና በሃርሞኒካ ብቻ ሲዘፍን ኖሮ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሚያጅበው ባንድ ጋር መጫወት በጀመረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1966 እንግሊዝ ሀገር ማንቸስተር ውስጥ ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። የሚገርመው የዚያ ምሽት የመጀመሪያ ግማሽ በድሮው አኳኋን የቀረበ መሆኑ ነው፤ ሰውየው የናፈቀውን ሰምቶ ጨርሶም ሁለተኛውን ግማሽ ይቅር ማለት አልቻለም። እንዲህ የሚቆጣ ሰው ሙዚቃውን ጠልቶ አይደለም። አንድን ድምፅ የራሱ የሕይወት ክፍል አድርጎ ስለያዘው፣ ባንዱ ሲለውጠው ያለፈው ዕድሜው ሳይጠየቅ የተነካበት ይመስለዋል።

በመጨረሻም ባንዱን ከመፍረድዎ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ለውጡ ከጆሮ መጣ ወይስ ከኪስ የሚለው ነው። ሦስት የትንፋሽ ተጫዋቾችን ከአዲስ አበባ አምጥቶ ማሳደርና መክፈል ከአንድ ኪቦርድና ከአንድ ላፕቶፕ ጋር አይወዳደርም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የምሽቱን ሥራ ባጠበበበትና ካሴት ሸክላውን በተካበት ጊዜም ሲንተሳይዘር የትንፋሽ ተጫዋቾችን ቦታ የወሰደው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ባንዱ ገንዘብ አንሶት ከሆነ ሊታዘንለት ይገባል፤ ነገር ግን እጦትን «አዲስ ስልት» ብሎ መሸጥ አድማጭን መናቅ ነው።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ሰርግ ላይ ለዓመታት አብረን ስንጫወት የኖርን ልጆች ነን። አሁን ኪቦርዱን ቀነስ አድርገን ማሲንቆ በመጨመር የራሳችንን ዘፈኖች ረጋ ባለ ስልት መሥራት ጀምረናል። ሰዉ ግን ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ «የድሮውን! የድሮውን!» ይለናል። ተስፋ እንቁረጥ?
የባንድ አባል፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቦታውን ግን ለውጡ። ሰርግ የእናንተ ኮንሰርት አይደለም። ደጋሹ የከፈለው ሙሽሮች ሲገቡ እልል እንዲባል፣ ዘመድ ከዘመድ ጋር እንዲጨፍር ነው፤ ረጋ ያለ አዲስ ዘፈን እዚያ መካከል ሲገባ ሰዉ የሚያዝነው በዘፈናችሁ ሳይሆን ጭፈራው ስለተቋረጠበት ነው። በሰርጉ ላይ የተጠየቃችሁትን ሙሉ ልባችሁን ሰጥታችሁ ተጫወቱ፤ አዲሱን ሥራችሁን ደግሞ ሰው ተቀምጦ በሚሰማበት ምሽት፣ አዲስ መሆኑን በግልጽ ተናግራችሁ አቅርቡ። የዲላን ታሪክ እንደሚያሳየው ይህም ቢሆን ከጩኸት ሙሉ በሙሉ አያድናችሁም።

አንድ የሙያ ምክር ልጨምር። ሁሉን በአንድ ቀን አትቀይሩ። መሣሪያው ሲለወጥ ምቱ ይቆይ፣ ምቱ ሲለወጥ ደግሞ ሰው የሚያውቀው ድምፃዊና ቅኝት ይቆይ። በአምባሰል ቅኝት የሚታወቅ ዘፈናችሁን በማሲንቆ አጅባችሁ ብትጀምሩ አድማጩ የሚይዘው ገመድ ስለሚያገኝ አዲሱን ድምፅ ሳይደነግጥ ይሰማዋል። ማሲንቆ ተጫዋቹንም ለጌጥ ብቻ ከጎን አታስቀምጡት፤ ማሲንቆ ከዘፋኙ ጋር ቃል በቃል የሚከተል መሣሪያ ስለሆነ ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ድምፅ ሲታነቅ ያስታውቃል፤ ኪቦርዱ ዝም የሚልበት ቦታ ሊኖር ግድ ነው።

ጥያቄ፦ አንድን ባንድ የወደድኩት ስልቱን ከለወጠ በኋላ ነው። የቆዩት አድናቂዎች «አንቺ እውነተኛ አድናቂ አይደለሽም» ይሉኛል። ልክ ናቸው?
ወጣት አንባቢ፣ ከአንኮበር

መልስ፦ አይደሉም። ፍሊትውድ ማክ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ብሉዝ የሚጫወት ባንድ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው አልበም ዓለምን ሲያዳርስ ግን ድምፁም አብዛኞቹ አባላቱም ተለውጠው ነበር። ከሚሊዮኖቹ ገዢዎች ብዙዎቹ የቀደመውን ዘመን ጨርሶ አያውቁትም ነበር፤ ስለዚህ ግን አድናቂነታቸው አልተሻረም። ይልቅ የባንድሽን የቆዩ ካሴቶች ከእነዚሁ ከሚወቅሱሽ ሰዎች ተዋሺ፤ ሊያውሱሽ የሚደሰቱ ይመስለኛል። ስታዳምጪ ከአዲሱ ሥራ ውስጥ የትኛው ከድሮው እንደተወሰደ ለይተሽ ብታስተውዪ፣ ከእነሱ ጋር የምትነጋገሪበት ነገር አታጪም። ካልወደድሽውም አልወደድኩትም ማለት ትችያለሽ።