397 ብሯ ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ጀንፈል ቡና ከሰብሳቢዎች ስንረከብ ሒሳቡን እንዲሠራልኝ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይህን ፈንክሽን (በስሙ ሲጠሩት ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) ጻፍኩ፦

ዴፍ ዋጋ(ፈረሱላ, የኪሎ_ዋጋ, ጆንያ):
    ፕሪንት((ፈረሱላ * 17 - ጆንያ) * የኪሎ_ዋጋ)

ለሙከራ 3 ፈረሱላ (አንዱ 17 ኪሎ ነው)፣ ኪሎው በ400 ብር፣ ለጆንያ 1 ኪሎ ተቀንሶ ብዬ በካልኩሌተር ስሠራው 20,000 ብር ይመጣል። ዋጋ(400, 3, 1) ብዬ ስጠራው ግን 20,397 ይለኛል። የሁለት ሰብሳቢ ሒሳብ ልደምር ስልም ኤረር ይሰጠኛል።

መልስ፦ ቀመርዎ ልክ ነው፤ የተሳሳተው አጠራሩ ነው። በዴፍ መስመር ቅንፍ ውስጥ ያሉት ሦስት ስሞች ፓራሜትር ይባላሉ። ሲጠሩት የሚሰጧቸው ቁጥሮች ደግሞ አርጊውመንት ናቸው። ፓይተን ብር ይሁን ፈረሱላ አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስም፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው ይሰጣል። ስለዚህ 400 ፈረሱላ፣ ማለትም 6,800 ኪሎ የተረከቡ መሰለው፤ ለጆንያ 1 ቀነሰና 6,799ን በ3 ብር አባዛው። ክፋቱ ልዩነቱ ማነሱ ነው፤ ሚሊዮን ቢወጣ ወዲያው ይነቁ ነበር። የጆንያ ቅናሽ ባይኖርበት ደግሞ በሁለቱም ቅደም ተከተል 20,400 ስለሚሰጥ ስህተቱ ጭራሽ አይታይም።

መፍትሔው ሲጠሩት ስሙን አብሮ መጻፍ ነው፦

ዋጋ(የኪሎ_ዋጋ=400, ፈረሱላ=3, ጆንያ=1)

እንዲህ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅም 20,000 ይመጣል። ገንዘብ ለሚነካ ፈንክሽን እኛ የምንመርጠው ጠበቅ ያለውን ነው፤ በዴፍ መስመር ከፈረሱላ በፊት ኮከብና ኮማ (*,) ያስገቡ። ያኔ ስም ሳይጠራ ቁጥር ብቻ የሰጠ ሰው ኤረር ያገኛል እንጂ የተሳሳተ ሒሳብ ይዞ አይሄድም።

ጆንያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ከሆነ ጆንያ=1 ብለው እዚያው ዴፍ መስመር ላይ ይጻፉት፤ ሲጠሩት ቢተዉት 1 ይወስዳል። ኮከቡን ካልተጠቀሙ ግን እንዲህ ያለው ፓራሜትር ከሌሎቹ ኋላ መሆን አለበት።

የድምሩ ኤረር ምክንያቱ ፕሪንት ነው። ፕሪንት ቁጥሩን ስክሪን ላይ ያሳያል እንጂ ለጠሪው አይመልስም፤ ለመደመር የቀረው ባዶ ነገር ነው። በፕሪንት ቦታ ውጤቱን ለጠሪው የሚመልሰውን ሪተርን ያስገቡ፦

    ሪተርን (ፈረሱላ * 17 - ጆንያ) * የኪሎ_ዋጋ

ቁጥሩን ተጠቃሚው እንዲጽፍ በኢንፑት የሚቀበሉ ከሆነ አስቀድመው በፍሎት ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ይለውጡት። አለዚያ 3 እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጠር በ17 ሲባዛ 51 አይሆንም፤ «3» የሚለው ምልክት 17 ጊዜ ይደረደራል።

ጥያቄ፦ እኔም ጅማ ነኝ። የፓራሜትር ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ በፓይተን 3 ይቻላል። ዴፍ፣ ሪተርንና ፕሪንት ግን ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል (def, return, print) መጻፍ አለባቸው፤ እዚህ በፊደላችን ያሰፈርናቸው ለንባብ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያሉ ነጠላ ሰረዝ (፣) ወይም ሁለት ነጥብ (፡) ካስገቡ ፓይተን አይቀበልም፤ ለምልክቶቹ ወደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ ይመለሱ። ሌላው ወጥመድ ሞክሼ ፊደል ነው። ከላይ «ሒሳብ» ብለው የሰየሙትን ታች «ሂሳብ» ብለው ቢጠሩት፣ ለእኛ አንድ ቃል ቢሆንም ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸውና እንዲህ የሚባል ስም የለም ይልዎታል።