የጓሮዬ ባቡር ፓፓያው ጋ ሲደርስ ሪሞቱን አይሰማም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። አባቴ የድሮው ምድር ባቡር ሰራተኛ ስለነበር ለሱ ብዬ ግቢያችን ውስጥ በ45 ሚሊ ሜትር ሀዲድ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሰርቻለሁ፣ አካሉን ከዘይት ቆርቆሮ ነው የቆረጥኩት፣ የሚሰራው በባትሪ ነው፣ ሪሞቱ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው። ፓፓያው ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ጠንከር ያለ ሪሞት ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ አሁን ምንም አትግዛ። በነገራችን ላይ 45 ሚሊው ልክ ነው፣ በ1፡22.5፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 22.5 ጊዜ ያነሰ ነው ተብሎ ሲሰላ 1 ሜትር ገደማ ይመጣል፣ የድሮው የጅቡቲ መስመር ሀዲድም ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ አባትህ ሲያዩት ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።

ችግሩ ያ የዘይት ቆርቆሮ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ብረት አያልፍም፣ ሪሲቨሩን፣ ባቡሩ ውስጥ ያለውን የሪሞቱን ትዕዛዝ ተቀባይ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ስትዘጋበት የሚደርሰው በመስኮቱ የሾለከው ብቻ ነው፣ ቅርብ ሲሆን ይበቃዋል ራቅ ሲል ያልቅበታል። ከሪሲቨሩ የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ እያት፣ በ2.4 ጊጋ ዋናዋ አንቴና ጫፏ ላይ ያለችው 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ እሷን ጣሪያውን በስተህ በፕላስቲክ ስትሮ አሳልፈህ ቀጥ አርገህ አቁማት፣ እንዳትቆርጣት፣ እንዳትጠቀልላት፣ ሞተርና ባትሪ ጋም አታስጠጋት። መልኩን ያበላሽብኛል ካልክ ጣሪያውን ብቻ በፕላስቲክ ቀይረውና ስሩ ደብቃት፣ የምትቀባው ቀለም ግን የብረት ብናኝ ያለበት እንዳይሆን።

ፓፓያውም የራሱ ድርሻ አለው፣ ቅጠል ውሃ ያዘለ ስለሆነ ይሄን ሞገድ ይውጠዋል፣ ግቢውን ካጠጣህ በኋላ የሚብስብህ ከሆነ ከሱ ነው። ሪሞቱን ደረትህ ጋ ከፍ አርገህ ያዝ እንጂ የአንቴናውን ጫፍ ባቡሩ ላይ አትቀስር፣ ጉልበቱ በጎኑ ነው፣ በጫፉ በኩል ደካማ ነው።

ይሄን አርገህም ካልተሻለው ሞተሩን ነቅለህ መብራቱን ብቻ በሪሞት እያበራህ ራቅ በል፣ ርቀቱ ከጨመረ ረባሹ ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን እሳት ሲረጭ ሪሲቨሩን ያደነቁረዋል። ረብሻውን እንዲውጠው 104 የሚል የተጻፈበትን ሴራሚክ ካፓሲተር በሞተሩ ሁለት እግሮች መሃል በይድ፣ ሁለት ሌሎች ደግሞ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ፣ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ ከተበላሸ ቴፕ ላይ ነቅለው ይሰጡሃል።

ዳገት ላይ ብቻ ቆሞ ትንሽ ቆይቶ የሚነሳ ከሆነ ግን ሬዲዮው ምንም አላጠፋም፣ ሞተሩ ሲከብደው ቮልቱ ይወርድና ሪሲቨሩ ይጠፋል። ያኔ ከስፒድ ኮንትሮሉ፣ የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ወደ ሪሲቨሩ የሚመጣውን ቀዩን ሽቦ ብቻ ነቅለህ ለሪሲቨሩ ለብቻው ትንሽ ባትሪ ስጠው።